ትርፍ አንጀትና የሆድ ትላትል፦ ሆድ ቁርጠት ሁሉ ወስፋት አይደለም

አማርኛችን ስለ ሆድ ሲናገር ትልን ሳይጠራ አያልፍም። የራበው ሰው «ወስፋቴ ጮኸ» ይላል፤ ምግብ ያስጠላው ደግሞ «ወስፋቴ ተዘጋ» ይላል። ወስፋት ከእኛ ጋር ምን ያህል ዘመን አብሮ እንደኖረ ለማወቅ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ መፈለግ አያሻም። በዚሁ ቋንቋ፣ በሆዳችን ውስጥ በቀኝ በኩል ከታች ያለችውን ትንሽ የአንጀት ቅጥያ «ትርፍ አንጀት» ብለን ስም አውጥተንላታል፤ እንዲያው ያለ ሥራ የተቀመጠች ይመስል። እንግዲህ ሆዱን የቆረጠው ያገራችን ሰው በመጀመሪያ ወስፋትን ቢጠረጥር፣ ትርፍ አንጀትን ደግሞ ጭራሽ ባያስታውስ አያስደንቅም።

ውድ አንባብያን፣ ስንገናኝ የምንወያየው አብዛኛውን ጊዜ ስለ አገር ጉዳይ ነው፤ ስለ ሆድ ዕቃ መጻፍ እንደ ቁም ነገር ላይቆጠር ይችላል። እኔ ግን በአሜሪካ በአንድ ሆስፒታል የፓቶሎጂ ክፍል፣ ማለትም በቀዶ ጥገና የወጣ የሰውነት ክፍል በማይክሮስኮፕ በሚመረመርበት ቦታ፣ ለብዙ ዓመታት የሠራሁ በመሆኔ፣ ከወገኖቼ ደጋግሜ የምሰማቸው ሁለት እርስ በርሳቸው የሚቃረኑ ሐሳቦች ዝም አላሰኙኝም። አንደኛው «ሆድ ቁርጠት ከሆነ ወስፋት ነው፤ የትል መድኃኒት ዋጥ አድርግና ተኛ» የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ትል የድሮ ነገር ነው፤ እኔ ከአገር ከወጣሁ ስንት ዓመቴ!» የሚለው ነው። የመጀመሪያው ሰው ሊገድል ይችላል፤ ሁለተኛው በሽታን ለዓመታት ደብቆ ያኖራል። የሁለቱንም ስሕተት በግልጽ የምታሳየን ያቺው የናቅናት ትርፍ አንጀት ነች።

ትርፍ አንጀት ትንሹ አንጀት ከትልቁ ጋር ከሚገናኝበት ቦታ አጠገብ የተንጠለጠለች፣ እንደ ትንሽ ጣት የቀጠነች፣ ርዝመቷም ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ከረጢት ነች። አንዱ ጫፏ ዝግ ስለሆነ መግቢያዋም መውጫዋም አንድ ጠባብ በር ብቻ ነው። ሁልጊዜም ባይሆን ችግሩ በአብዛኛው የሚጀምረው ይህ በር ሲዘጋ ነው። የሚዘጋውም በደረቀ የሰገራ ጠጠር፣ ወይም በግድግዳዋ ውስጥ ያሉት የበሽታ መከላከያ ሕዋሳት ተከማችተው ሲያብጡ ነው። በሩ ሲዘጋ በውስጧ የሚመነጨው ዝልግልግ ፈሳሽ መውጫ ያጣል፤ ግፊቱ ይጨምራል፤ የደም ዝውውሯ ይታነቃል፤ ባክቴሪያ ይራባል፤ በመጨረሻም ግድግዳዋ በስብሶ ይበሳል። ይህ ሁሉ በ1 ወይም በ2 ቀን ውስጥ ሊፈጸም ይችላል። ከተበሳች በኋላ መግሉ ወደ ሆድ ዕቃ ይፈስሳል፤ ያን ጊዜ ነገሩ የአንዲት ትንሽ ከረጢት መሆኑ ቀርቶ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ይሆናል።

ምልክቶቹን ብዙዎቻችሁ ታውቋቸው ይሆናል። ሕመሙ በመጀመሪያ በእምብርት ዙሪያ ይጀምርና ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ወደ ቀኝ ታችኛው ሆድ ይወርዳል፤ ሲራመዱና ሲያስሉ ይብሳል፤ ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስና ቀለል ያለ ትኩሳት ይከተላል። ከሁሉ ቀድሞ የሚታየው ግን ብዙውን ጊዜ የምግብ ፍላጎት መጥፋት ነው፤ በእኛ አነጋገር «ወስፋት ይዘጋል»። ልብ በሉ! በሽታው ገና ሲጀምር ቋንቋችን ራሱ ጣቱን ወደ ተሳሳተው ተጠርጣሪ ይቀስራል።

ትልን በትርፍ አንጀት ሕመም መጠርጠር ግን የእኛ ብቻ ታሪክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1886 የሐርቫርዱ ሐኪም ሬጂናልድ ፊትዝ የሕመሙ ምንጭ ትርፍ አንጀት መሆኗን አስረድቶ፣ ዛሬ «አፔንዲሳይቲስ» የምንለውን ስም አወጣለት። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1902 የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛ ዘውድ ሊጭኑ 2 ቀን ሲቀራቸው በዚሁ ሕመም ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው፣ በዓሉ ወደ ነሐሴ ተላለፈ። ዳግማዊ ምኒልክን ወክለው ለዚያ በዓል ወደ ለንደን የተጓዙት ራስ መኮንን እንደነበሩ የታሪክ ወዳጆች ታስታውሳላችሁ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1901፣ በፓሪሱ የፓስተር ኢንስቲትዩት ይሠራ የነበረውና በኋላ በ1908 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ኤሊ ሜችኒኮፍ፣ የአንጀት ትላትል የትርፍ አንጀትን ግድግዳ እያቆሰሉ ለባክቴሪያ በር ይከፍታሉ ሲል ተከራክሮ ነበር። ስለዚህ «ወስፋት ነው» የሚለው የእናቶቻችን ግምት በዘመኑ ከታላላቆቹ ሳይንቲስቶች የአንዱም ግምት ነበር ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ጊዜ ፍርዱን ሰጥቷል። ትል የትርፍ አንጀት ሕመም ዋነኛ መንስኤ ቢሆን ኖሮ፣ በሽታው ከሁሉ ይልቅ መብዛት የነበረበት ትላትል በበዙበት በአፍሪካና በእስያ ገጠር ነበር። የሆነው ግን ተገላቢጦሹ ነው። በሽታው የተስፋፋው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ፣ ያውም ፋብሪካና ንጹሕ ውሃ በገባባቸው በአውሮፓና በአሜሪካ ከተሞች ነው። በኡጋንዳ ለረጅም ጊዜ የሠራው አየርላንዳዊው ቀዶ ሐኪም ዴኒስ በርኪት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ጽሑፍ፣ በገጠር አፍሪካ በሽታው እጅግ ጥቂት መሆኑን አንስቶ ምክንያቱን ከምግብ ጋር አያይዞት ነበር። የበርኪት ማብራሪያ ሙሉ በሙሉ ተቀባይነት ባያገኝም፣ ያነሳው ነጥብ ትልን ከዋና ተከሳሽነት ለማውረድ በቂ ነው።

ታዲያ ትል ጨርሶ ነጻ ነው ወይ? አይደለም። ለዚህም ነው «እምብዛም የማይታይ ምክንያት» የሚባለው። ረጅሙ ወስፋት እስከ 30 ሴንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ የሚያድግ፣ ጠባብ ቀዳዳ ባገኘ ቁጥር የመግባት ጠባይ ያለው ትል ነው፤ አልፎ አልፎ ወደ ትርፍ አንጀት ገብቶ በሩን ይወትፋል። የኮሶ ትልም ከሚጥላቸው ቁርጥራጮች አንዱ እዚያው ሊቀረቀር ይችላል። የቢልሃርዚያ ትል ደግሞ በደም ሥር ውስጥ የሚኖር ቢሆንም፣ እንቁላሎቹ በግድግዳዋ ውስጥ ተቀብረው ሥጋው እንዲጠጥርና መተላለፊያው እንዲጠብ ያደርጋሉ። አሜባም ቢሆን ግድግዳዋን ሊያቆስል ይችላል።

በዓለም ዙሪያ በትርፍ አንጀት ውስጥ በብዛት የሚገኘው ትል ግን ከእነዚህ አንዱም አይደለም። እንደ ነጭ ክር የቀጠነች፣ ከ1 ሴንቲ ሜትር ብዙም የማትበልጥ፣ ሌሊት ሌሊት ወጥታ በፊንጢጣ ዙሪያ እንቁላሏን የምትጥልና ልጆችን የምታሳክክ ትንሽ ትል ነች። ይህች ትል ከኢትዮጵያ ገጠር መምጣት አያስፈልጋትም፤ በአሜሪካም ቢሆን ከሁሉ የበዛች የአንጀት ትል እሷው ነች። ልጆቻችን ከሕፃናት ማቆያና ከትምህርት ቤት በጥፍራቸው ይዘዋት ይመጣሉ። በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ሲታዩ፣ በቀዶ ጥገና ከወጡ ትርፍ አንጀቶች መካከል እሷ የተገኘችባቸው ከመቶ አንድ እንኳ ከማይሞላ እስከ አራት ገደማ ይደርሳሉ። ከእነዚህም በብዙዎቹ ግድግዳዋ ጤነኛ ሆኖ ይገኛል። ትሏ በዚያ መገኘቷ ብቻ ወንጀለኛ አያደርጋትም፤ በቦታው የነበረ ሁሉ ነፍሰ ገዳይ እንደማይሆን ማለት ነው። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ሳታቆስል ቁርጠት ብቻ ታስነሳና ሐኪሙንም በሽተኛውንም ወደ ቀዶ ጥገና ትመራለች።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ስሕተት ልመለስ። በቀኝ በኩል ሆዱን የታመመ ሰው የትል መድኃኒት ውጦ ቢተኛ፣ መድኃኒቱ ምናልባት ትሉን ይገድል ይሆናል፤ የተዘጋውን በር ግን አይከፍትም፤ የጀመረውንም መበስበስ አያቆምም። የጠፋው ሰዓት ግን አይመለስም። ከዚህ የባሰው ኮሶ ወይም ሌላ የሚያስቀምጥ መድኃኒት መጠጣት ነው። ኮሶ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአውሮፓ የመድኃኒት መዝገብ ውስጥ የገባ፣ የአባቶቻችን ዕውቀት ለዓለም ያበረከተው የኮሶ ትል መድኃኒት መሆኑን በኩራት እናገራለሁ። ነገር ግን አንጀትን በኃይል የሚያንቀሳቅስ ነው። በተቆጣች ትርፍ አንጀት ላይ የሚያስቀምጥ መድኃኒት መጨመር የመበሳቷን አደጋ ያባብሳል፤ የ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቀዶ ሐኪሞች ስለዚህ ጉዳይ ሕዝቡን በተደጋጋሚ ያስጠነቅቁ ነበር። በአረብ አገር በሰው ቤት የሚሠሩ፣ ያለ አሠሪያቸው ፈቃድ ሐኪም ቤት መሄድ የማይችሉ እህቶቻችን ጉዳይ ደግሞ ይበልጥ ያሳስበኛል። ለእነሱ «ወስፋት ይሆናል» ብሎ አንድ ቀን መታገሥ ምርጫ ሳይሆን ግዴታ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ስልክ ደውላ «ሆዴን በቀኝ በኩል» የምትል እህት ያለችው ሰው፣ በመድኃኒት ስም ፈንታ «ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ሂጂ» ቢላት ሕይወቷን ሊያተርፍ ይችላል።

ሁለተኛው ስሕተት፣ ማለትም «ከአገር ከወጣሁ ስንት ዓመቴ» የሚለው፣ በከፊል እውነት ስላለበት ይበልጥ አሳሳች ነው። የትላትል ዕድሜ እንደየዓይነታቸው ይለያያል። ወስፋት በሰው ሆድ ውስጥ የሚቆየው ከ1 እስከ 2 ዓመት ያህል ነው፤ እንቁላሉም በአፈር ውስጥ ለሳምንታት ሳይበስል ሌላ ሰው አይዝም። ስለዚህ በሚኒሶታ 10 ዓመት የኖረ ሰው ከአገሩ ያመጣው ወስፋት የለውም። የኮሶ ትል ግን ከ20 ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል። የቢልሃርዚያ ትል በአማካይ ጥቂት ዓመታት የሚኖር ቢሆንም ከ30 ዓመት በኋላ በሕይወት የተገኘበት ጊዜ አለ። ስትሮንጂሎይድስ የሚባለውና በባዶ እግር በኩል ከአፈር የሚገባው ትል ደግሞ በሰውነት ውስጥ ራሱን እያባዛ ዕድሜ ልክ ሊቆይ ይችላል። ይህ ትል ያለበት ሰው ለአስምም ሆነ ለሌላ በሽታ ፕሬድኒዞን ወይም ዴክሳሜታዞን የመሰለ መድኃኒት ሲሰጠው፣ ትሉ ከቁጥጥር ውጪ ተራብቶ እስከ ሞት ሊያደርስ ይችላል።

የሚከተለውን የምጽፈው በባለቤቱ ፈቃድ ነው። በዕድሜ የሚበልጡኝ አንድ ያገሬ ሰው፣ ባሕር ዳር ተወልደው ያደጉና በአሜሪካ 13 ዓመት የኖሩ፣ ትርፍ አንጀታቸው ከወጣ ከሳምንታት በኋላ አንድ ደብዳቤ ይዘውልኝ መጡ። ደብዳቤው በወጣው አካል ውስጥ የቢልሃርዚያ እንቁላል መገኘቱን ይገልጻል። ያሳሰባቸው በሽታው አልነበረም፤ ኀፍረቱ ነበር።

«ልጄ፣ ቆሻሻ ነህ ማለታቸው ነው?» አሉኝ። «እናቴ እኮ ውሃ እያፈላች ነው ያሳደገችኝ።»

«ጋሼ፣» አልኳቸው፣ «ቢልሃርዚያ በሚጠጣ ውሃ አይደለም የሚመጣው። ልጅ ሆነው ጣና ዋኝተዋል?»

«ማን ያልዋኘ አለ!»

«በቃ፣ በዚያው በቆዳዎ በኩል ነው የገባው። እናትዎ ምንም አላጎደሉም።»

ዝም ብለው ቆዩና «ታዲያ ለምን እስከ ዛሬ ማንም አልጠየቀኝም?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ትክክል ነበር። የተገኙት እንቁላሎች የቆዩና የሞቱ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሕመሙን ያመጡት እነሱ ናቸው ለማለትም አያስደፍርም። ነገር ግን እንቁላል ባለበት ትሉም ነበረ፤ ምናልባትም አሁንም አለ። ቢልሃርዚያ ደግሞ ቀስ ብሎ ጉበትን የሚያጠጥር፣ በመጨረሻም ደም እስከማስመለስ የሚያደርስ በሽታ ነው። እሳቸው ወደ ሐኪማቸው ተመልሰው ተመረመሩ፤ ፕራዚኳንቴል የሚባለውንም መድኃኒት ወሰዱ። ትርፍ አንጀታቸው በዚህ ጉዳይ ተከሳሽ ሳትሆን ምስክር ነበረች።

ስለ ቢልሃርዚያ ስናነሳ ማፈር የማይገባን ሌላም ምክንያት አለን። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመልክቶ፣ እንዶድ የበሽታውን አስተላላፊ እንደሚገድል ለዓለም ያስረዳው የእኛው ዶክተር አክሊሉ ለማ ነው። ለዚህም ሥራ እርሱና ባልደረባው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት ተቀብለዋል። በሽታውን በስሙ ጠርቶ የመረመረ ሕዝብ ልጆች ሆነን ሳለን፣ በሐኪም ፊት ስሙን ለመጥራት የምናፍርበት ምክንያት አይታየኝም።

«ማንም አልጠየቀኝም» ለሚለው የከፊል መልሱ የገባንበት በር ልዩነት ነው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ከአፍሪካ የሚመጡ ስደተኞች ከመሳፈራቸው በፊት የትል መድኃኒት እንዲሰጣቸው መክሯል። ወደ እስራኤል በ1984 እና በ1991 በተደረጉት ታላላቅ ጉዞዎች የገቡት ወገኖቻችንም ሲመረመሩ በብዙዎቹ ላይ ትላትልና ቢልሃርዚያ ተገኝቶ ታክመዋል። በዲቪ፣ በትምህርት ወይም በቤተሰብ ቪዛ የገባው ግን በስደተኛነት ስላልተመዘገበ ይህ አይደርሰውም፤ ለቪዛ የሚደረገው ምርመራ ሳንባ ነቀርሳን እንጂ የአንጀት ትልን አይፈልግም።

በቅርብ ዓመታት የመጣ አንድ ለውጥም ጉዳዩን ያወሳስበዋል። ያልተበሳች ትርፍ አንጀትን ያለ ቀዶ ጥገና በአንቲባዮቲክ ብቻ ማከም እየተለመደ ነው። በአሜሪካ 1,552 በሽተኞችን ይዞ በ2020 ውጤቱ የታተመው ጥናት፣ በአንቲባዮቲክ ከታከሙት 10 ሰዎች ወደ 7ቱ በ90 ቀን ውስጥ ቀዶ ጥገና እንዳላስፈለጋቸው አሳይቷል። በፊንላንድ የተደረገው ደግሞ በ5 ዓመት ውስጥ ከመቶ 39ኙ ሕመሙ እንደተመለሰባቸው አሳይቷል። አማራጩ መልካም ነው። ነገር ግን ትርፍ አንጀት ካልወጣች በማይክሮስኮፕ የሚያያት የለም፤ ምስክርነቷም አይሰማም። ስለዚህ በዚህ መንገድ የሚታከም የእኛ ሰው የትውልድ አካባቢውን መናገሩ ከምንጊዜውም በላይ ያስፈልጋል።

በበኩሌ የሚከተሉትን ነጥቦች ላሳስብ እወዳለሁ።

አንደኛ፣ ከእምብርት ተነሥቶ ወደ ቀኝ የወረደ፣ ለሰዓታት ያልተወ የሆድ ሕመም የትል መድኃኒት ሳይሆን የድንገተኛ ሕክምና ጉዳይ ነው። ኮሶም ሆነ የሚያስቀምጥ ነገር አይወሰድ።

ሁለተኛ፣ ሐኪሙ ባይጠይቅም የት እንደተወለዳችሁ፣ በየትኛው ሐይቅና ወንዝ እንደዋኛችሁ፣ በባዶ እግር መሄዳችሁን፣ ጥሬ ሥጋ መብላታችሁን ንገሩት። በደም ምርመራ ኢኦሲኖፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት በዝተው ከተገኙ ምክንያቱን ጠይቁ።

ሦስተኛ፣ ትርፍ አንጀታችሁ ከወጣች የፓቶሎጂውን ውጤት ጠይቃችሁ ተቀበሉ። ውጤቱ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ወደ ቤት ከተመለሳችሁ በኋላ ነው። ቁስሉ ስለዳነ ብቻ ጉዳዩ አልተዘጋም፤ ቀዶ ጥገና ትርፍ አንጀትን እንጂ በቀረው አንጀት ያለውን ትል አያወጣም።

አራተኛ፣ የተገኘችው ክር መሳይዋ ትል ከሆነች መድኃኒቱ ለቤተሰቡ በሙሉ ይሰጣል፤ ከ2 ሳምንት በኋላም ይደገማል። ልጅን መቆጣት ግን አያስፈልግም፤ ከፈረንጁ ልጅ ጋር ሲጫወት ያገኛት ናት።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል ያገራችን ሰው። እኔ የምጨምርበት፣ በሽታውን በተሳሳተ ስም የጠራም መድኃኒቱን በጊዜ አያገኝም የሚለውን ነው። ወስፋታችን ሲዘጋ ወስፋትን ብቻ አንጠርጥር፤ ከአገራችን ይዘነው የመጣነውንም ነገር ለሐኪማችን ከመናገር አንፈር።

ቸር እንሰንብት።